«አይ» ያለው ልጅ

መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን የሂሳብ ፍርሃት ለመለካት፣ 12 ጥያቄ። አራቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸው፤ «ሂሳብ አያስጨንቀኝም» ዓይነት። ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» የሚለውን ይይዙልናል ብዬ ስብሰባ ላይ ሽንጤን ገትሬ ተከራክሬላቸዋለሁ።

ለሙከራ ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ጃኬቴን አወለቅኩ። ማንበብ የማይቸግራቸው ልጆች ራሳቸው ሞሉ። ለቀሩት መረጃ ሰብሳቢዋ እያነበበች ሞላችላቸው።

ማታ አልፋው፣ ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.48 ወጣ። የአሉታዎቹን ነጥብ ሳልገለብጥ፣ ማለትም እነሱ ላይ «አልስማማም»ን እንደ ፍርሃት ሳልቆጥር ቀርቼ ይሆን ብዬ ደግሜ አየሁ። ገልብጫለሁ። አለቃችን ደግሞ ከ0.70 በታች ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 አልፋ ያላት ቁጥር ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን እንጂ ምን እንደለኩ አትናገርም፤ ለእሱ ግን የመጠይቅ ነገር በእሷ ያልቃል። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ የተዘበራረቁት እሷ ያነበበችላቸው ናቸው። ከመሬት ተነስታ ሞልታዋለች አልኩ በልቤ።

ጠዋት ጠራኋት።

«ይሄ ልጅ 'ሂሳብ አያስጨንቀኝም' ሲባል አልስማማም አለ?»

«አዎ ጋሼ። 'አይ' አለኝ።»

«አይ ብቻ?»

«'አይ፣ አያስጨንቀኝም' ነው ያለኝ።»

ዝም አልኩ። ልጁ እንደማንኛችንም ነው የመለሰው። እኔን ራሴን «ምሳ አልበላህም?» ቢሉኝ አንዳንዴ «አዎ» እላለሁ፣ አንዳንዴ «አይ»። ሁለቱም ያው ረሃብ ነው።

የሚያበሳጨው ሌላ ነው። አንባቢዎቹ በደንብ ተለኩ። ማንበብ የሚቸግራቸው፣ አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ በእግር የሚመላለሱ፣ ፈሪ ሆነው ወጡ። ሳልነቃ ባልፈው «ንባብ የሚቸግረው ተማሪ ሂሳብ ይፈራል» የሚል ግኝት ይዤ ሐረጎን እወጣ ነበር። ምክረ ሐሳብም አላጣለትም።

አራቱን አወጣኋቸው። አልፋው 0.79 ሆነ። «አየህ፣ መረጃ ሰብሳቢ ገሠጽ ሲደረግ!» አለ አለቃ። የጥያቄው ጥፋት የእኔ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጣሁ።

አበሏን ስከፍላት «ጋሼ፣ ግብር አይቆረጥብኝም አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ብሩን እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

«አዎ ይቆረጣል ነው ወይስ አዎ አይቆረጥም?»