«ቢላሽ ነው የቀደደው»

ናሙናው የመጣው በቁጥር ብቻ ነበር። የእንስሳው ስም አልተጻፈበትም። አለቃዬ «የአጥቢ አንጎል ነው፣ ለማስተማሪያ ቁረጪው» አሉኝ። ናሙናን በስሱ በሚቆርጠው ባለ ቢላ መሣሪያ፣ በማይክሮቶም፣ መሥራት ከጀመርኩ ያኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

ቆረጥኩ። የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ማይሊን ሰማያዊ በሚያደርገው ቀለም ነከርኩ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ግራና ቀኙን አንጎል ከላይ የሚያገናኘው ሰማያዊ መቀነት፣ ኮርፐስ ካሎሰም፣ የለም። የበግ አንጎል መሀል ለመሀል ሲከፈል በባዶ ዓይን እንኳ የሚታይ ነገር ነው። በሰው ላይ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች ያልፉበታል። ቀጣዩን ስላይድ አየሁ። የለም። የሚቀጥለውም ላይ የለም።

አለቃዬ አንዴ ጎንበስ ብለው አዩና «ቢላሽ ነው የቀደደው» አሉ።

«ሁሉም ቁራጭ ላይ እኮ እንደዚሁ ነው» አልኳቸው።

«ቢላው አንድ ስለሆነ ነዋ!»

ይህቺ መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። እውነት ነው፣ ጥርስ ያወጣ ቢላ በየቁራጩ አንድ ቦታ ላይ ይቀድዳል። ግን የሚተወው ቀጥ ያለ ጭረት ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። እዚህ ጠርዙ ልሙጥ ነበር። ደግሞ ከሥሩ አንድ ወፍራም ሰማያዊ ጥቅል ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ምንም አልተነካም። ላይኛውን የቀደደ ቢላ ይኼን እንዴት አለፈው? ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። መዝገቡ ላይ በስሜ ትይዩ «በአቆራረጥ የተበላሸ» ብለው ጻፉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የላኪዎቹ ደብዳቤ ደረሰ። ኦፖሰም ነው። ከነካንጋሮ ወገን። እነዚህ እንስሳት ከነጭራሹ ኮርፐስ ካሎሰም የላቸውም። እንቁላል የሚጥሉት አጥቢዎችም የላቸውም። ይህ ማለት ግን ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ተለያይተዋል ማለት አይደለም። የላይኛው የአንጎል ሽፋን ክሮች በታች በኩል፣ በአንቲሪየር ኮሚሹር ይሻገራሉ። ያ ያየሁት ወፍራም ጥቅል እሱ ነበር።

አለቃዬ ዕውቀት አልጎደላቸውም። ኮርፐስ ካሎሰማቸው በቀዶ ጥገና ስለተቆረጠ ሕሙማን፣ ሮጀር ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ስለተሸለመበት ጥናት ሲያስተምሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ደብዳቤውን አነበቡና «እሺ፣ ስላይዶቹን መልሻቸው» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ ወዲህ የእንስሳው ስም ሳይነገረኝ ናሙና አልቀበልም። ዓምና ግን አንዲት ሠልጣኝ ኮርፐስ ካሎሰም የሌለበት የአይጥ ስላይድ ይዛ መጣች። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ቢላሽን አይተሽዋል?» የሚል ነው። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። ወንበር ስቤ እንደገና ተመለከትኩ። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጥቅል አለ፣ መሻገር አቅቷቸው ታጥፈው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ክሮች። የፕሮብስት ጥቅል የሚባለው ነው። አይጧ ቢቲቢአር ከሚባለው ዘር ናት፣ ያለ ኮርፐስ ካሎሰም የሚወለድ ዘር።

እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት። መዝገቡንም ሰጠኋትና ያየችውን ራሷ ጻፈች። የእኔን የድሮ ገጽ ገልጬ አየሁት። «በአቆራረጥ የተበላሸ» ይላል፣ እስካሁን ማንም አላረመውም።