ዘበኛው እምቢ ሲል

የመጫወቻ ባቡሬ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። የሚያደክሙት ከሐዲዱ ዳር ያሉት ናቸው፦ ባቡር ሲመጣ ፋኖስ ይዞ ከጎጆው የሚወጣው ዘበኛ፣ ከበረቱ ወጥተው ፉርጎ ውስጥ የሚገቡት ላሞች፣ የወተት ጣሳ ወደ መድረኩ የሚገፋው ሰውዬ። ሰሞኑን ከሥራ ስገባ ቤዝመንት እየወረድኩ የምታገለው ከእነሱ ጋር ነው።

ዕቃዎቹ ላዮኔል የሚባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው በ1935 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)፤ የእኔ በ1950 የመጣው ዓይነት ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ዕቃ አንዳንዴ ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

ቅዳሜ ዕለት ጨርሶ እምቢ አለ። ባቡሩ ያልፋል፣ በሩ ዝግ ነው። እንዲህ ሲሆን ካቻቢቴ አንስቶ ዕቃውን መበታተን ያምራል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሐዲዱ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ነቅዬ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ ከትራንስፎርመሩ ጋር አገናኛቸዋለሁ። 12 ቮልት ሰጠሁት፣ ፋኖሱን ይዞ ዘው ብሎ ወጣ። ስለዚህ ዘበኛው ጤነኛ ነው። የጠፋው የሚቀሰቅሰው ነው።

የሚቀሰቅሰው ከሐዲዱ ሥር ያለ፣ በባቡሩ ክብደት የሚጫን ማብሪያ ነው። ሞላ አለው፣ ሞላው የሚጠብቅበትና የሚላላበት ዳዶ አለው፣ ሌላ ነገር የለውም። ጠረጴዛውን ከነሐዲዱ የሸጠልኝ ሰው ግን ሐዲዱን ከኮምፔንሳቶው ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮት ነበር። ዝቅ ማለት ያልቻለ ሐዲድ ምኑን ይጫን? እዚያ አካባቢ ያሉትን ብሎኖች ፈታሁና ዳዶውን ማስተካከል ጀመርኩ። ሲጠብቅ ሎኮሞቲቩ ብቻ ይጫነዋል፤ ቀላሎቹ የፕላስቲክ ፉርጎዎች ሲያልፉ ዘበኛው ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላል። ሲላላ ደግሞ ባቡሩ ካለፈ በኋላም ውጭ ይቀራል። ይሄኛው የባሰ ነው፤ ውስጡ ያለው ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረት የሚስብ ጥቅል ሽቦ) ለአጭር ጊዜ እንዲስብ እንጂ ሲግል እንዲውል አልተሠራም።

አጎቴ ከላይ ወርዶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ ነው ያረጀው። እሱ የሚያውቀው ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋውን፣ በሁለቱ ብረቶች መሀል 1 ሜትር ስፋት ያለውን ነው። የእኔ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም መሀሉ ላይ ሦስተኛ ብረት አለው።

«ይሄ የመሀሉ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ጋሼ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በእሱ ነው። የሚመለሰው በዳርና በዳሩ።»

«ሁለቱም ዳር ይመልሳል? አንዱ ከበቃ ሌላውን ለምን ለማብሪያ አትጠቀምበትም?»

ይህን ዘዴ በባለ ሦስት ብረት ሐዲድ የሚጫወቱ ሰዎች ከድሮም ያውቁታል፤ እሱ ግን ማንም ሳይነግረው እዚያው ቁጭ ብሎ ደረሰበት። ከዳሮቹ አንዱን ብረት በሁለቱም ጫፍ በፕላስቲክ ፒን ትለያለህ፣ ከሥሩ ከተጋደሙት የብረት አግዳሚዎች ጋር የሚነካካበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ታስገባለህ፣ ከዚያ የዘበኛውን አንድ ሽቦ ከተለየው ብረት ጋር ታያይዛለህ። ባቡሩ ሲደርስ ጎማዎቹና አክሰሉ ሁለቱን ዳሮች ያገናኛሉ፣ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገጣጠማል፣ ዘበኛው ይወጣል። ክብደት የለ፣ ዳዶ የለ። የሚፈልገው የብረት ጎማ በብረት አክሰልና ንጹሕ ሐዲድ ብቻ ነው። ያችን ወረቀት ማስገባት ግን እጅ ያሳምማል፤ አግዳሚዎቹ ሐዲዱን ነክሰው ስለሚይዙ በፒንሳ አንድ በአንድ ማላቀቅ ያስፈልጋል። በየመሀሉ በቴስተር እለካለሁ፣ የረሳሁት አንድ አግዳሚ እንኳ ካለ ዘበኛው ሌት ተቀን ውጭ ያድራልና።

የላሞቹ ነገር ሌላ ነው። በረቱ ሥር ያለው ኮይል ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ላሞቹ ከእግራቸው ሥር ባሉት ትንንሽ የላስቲክ ጥርሶች እየተገፉ ይራመዳሉ። አንዷ በሩ ላይ ደርሳ ትቆማለች፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ይጋፋሉ። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ኃይል ይጨምራል። እኔ እንደማየው መቀነስ ነው ያለበት። ኃይሉ ሲበዛ ጠበል እንደነካው ሰው ያንዘፈዝፋቸውና ይወድቃሉ። ሲቀነስ፣ ሲቀነስ፣ ልትቆም ነው ስትል በዝግታ መሄድ የምትጀምርበት ቦታ አለ፤ እሱን መፈለግ ነው። ያን ቦታ ካገኙ በኋላ እንዳይጠፋ በረቱን ከባቡሩ ጋር በአንድ እጀታ ማሠራት ክልክል ነው፣ ባቡሩን ባፈጠንክ ቁጥር ከብቱ ይደናበራል። የእኔ ትራንስፎርመር ዜድ ደብልዩ የሚሉት፣ አራት የተለያየ ኃይል መስጠት የሚችል ስለሆነ ለበረቱ የራሱን ሰጠሁት። በሩ ላይ የምትቆመዋ ላም ደግሞ ችግሯ ደረጃው ነበር፤ የፉርጎው ወለል ከበረቱ መድረክ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከበረቱ ሥር የካርቶን ቁራጭ ስከት ሰተት ብላ ገባች። አጎቴ «ይህቺ እንኳ ጎበዝ ናት» አለ፣ ቆማ የነበረችው በእሷ ጥፋት ይመስል።

ኮይሎቹን ዘይት አልቀባም። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ያጣብቃል፤ በአልኮል በተነከረ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ጠርጌ ደረቁን ነው የምመልሰው።

አሁን የቀረው በመሻገሪያው ላይ የሚወርደው ኬላ ነው። እሱም በክብደት ማብሪያ ነው የሚሠራው። ጋሼ «እሱንም እንደ ዘበኛው አድርገውና ተገላገል» ይላል። ትክክል ነው፣ የሚሻለው እሱ ነው። እኔ ግን ሎኮሞቲቩ ሲደርስ ሐዲዱ ሸብረክ ብሎ ዝቅ ሲልና ኬላው ተከትሎት ሲወርድ ማየት ስለምወድ ዳዶውን እያጠበቅኩ እያላላሁ እኖራለሁ። ፒኖቹን ለማንኛውም አዝዣለሁ፣ ጋሼ አይቷቸዋል፣ ዝም አለ።