ያልበረደው ራስ ምታት

ዛሬ እዚህ ጅማ፣ ሆስፒታል የተኛ ጎረቤቴን ልጠይቅ ገብቼ፣ አንዲት እናት ሐኪሙን ሲለምኑ ሰማሁ። «ከወገቡ ፈሳሽ አትቅዱበት፣ ሽባ ይሆንብኛል!»

ወጣቱ ሐኪም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት አለ። ፈሳሹ ሲቀነስለት ሕመሙም ይቀልለታል።» እንደምንም ፈቀዱ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ቀና ብሎ ሻይ አምጡልኝ አለ። ሳምንታት ሙሉ በማስታገሻ ያልበረደ ራስ ምታት ነበር እኮ! እናቱ ሻዩን ሲቀዱ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ፈሰሰ። ማንም አልጠረገውም፤ ሁላችንም ልጁን ነበር የምናየው።

የልጁ ሕመም ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ያመጣው ማጅራት ገትር ነው። ፈንገሱ አፈርና የወፍ ኩስ ውስጥ ይኖራል፣ በትንፋሽ ይገባል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጤነኛ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ኤችአይቪ አቅሙን ያዳከመበትን ሰው ግን ካልታከመ ይገድላል።

የሚያንገበግበኝ፣ ቀድሞ ሊታወቅ መቻሉ ነው። ሲዲ ፎሩ፣ ማለትም በሽታን የሚከላከሉለት የደም ሴሎች ቁጥር፣ ከ200 በታች የወረደ የኤችአይቪ ታማሚ ራሱን ሳያመው በፊት በደም ምርመራ ይለያል። ፈንገሱ አንጎል ካልደረሰ ፍሉኮናዞል በሚባል የፈንገስ መድኃኒት መከላከል ይቻላል።

የኤችአይቪ መድኃኒቱን ያቋረጠ ዘመድ ካላችሁና ራሴን ካለ፣ እባካችሁ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አታስተኙት። ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ።