ፖቲትሳው ውስጥ የተገኘው ክፍተት

ልዩብልያና ከተማ፣ የስሎቬኒያ ባህላዊ ምግብ የተግባር ሥልጠና ላይ ነው። ስምንት ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው በአራት ጠረጴዛ ፖቲትሳ ጋገሩ። ፖቲትሳ ለገናና ለፋሲካ የማይቀር፣ ዋልነት ከሚባል የለውዝ ዓይነት ፍሬ በተሠራ መሙያ ተቀብቶ የሚጠቀለል ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ የሚጋገረውም ፖቲችኒክ በሚባል፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ባለው ክብ ዕቃ ነው። አራቱም ከምድጃ ሲወጡ ያማሩ ነበሩ። ሲቆረጡ ግን የሦስተኛው ጠረጴዛ ፖቲትሳ የላይኛው ሊጥ ከመሙያው ተላቆ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየበት። ቁራጩ ሲነሳ ጥቅሉ ተተረተረ።

ሠልጣኞቹ እርሾውን ጠረጠሩ። ሊጡ ግን ለአራቱም በአንድ ላይ የተቦካ ነው፤ በእያንዳንዱ ዕቃ 500 ግራም ዱቄት፣ 25 ግራም ትኩስ እርሾ፣ ሩብ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 3 አስኳል፣ 80 ግራም ቅቤ፣ 80 ግራም ስኳር፣ ጨውና የሎሚ ልጣጭ ተደርጎ።

ችግሩ መሙያው ነበር። 400 ግራም የተፈጨ ዋልነት በ2 ዴሲሊትር የፈላ ወተት ይታሻል፤ 100 ግራም ማር፣ ስኳር፣ ቀረፋና ጥቂት ሩም ይገባበታል፤ እንቁላሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚጨመረው። ሰዓት ስላጠረ የሦስተኛው ጠረጴዛ ሁለት ሠልጣኞች መሙያውን ገና እየተነነ ሊጡ ላይ ቀቡት። ትኩሳቱ የሊጡን ቅቤ ያቀልጠዋል፤ ሊጡ ቅባት ያወጣና መሙያው አይይዝም፣ ይንሸራተታል። ሙቀቱ የነካው የሊጡ ክፍል ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይነፋል። በዚያ ላይ ሲጠቀልሉ አላጠበቁትም።

ሌላም የረሱት ነገር አለ፦ መውጋት። ጥቅሉ ዕቃው ውስጥ ከገባ በኋላ በቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ድረስ፣ ዙሪያውን በየሦስት ጣቱ መወጋት አለበት። ካልተወጋ በንብርብሩ መሃል የታመቀው አየርና እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሊጡን ወደ ላይ ያነሳዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ በእኔ ግምት ግን ከእርሾው እኩል የሚጠነቀቁለት ሥራ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሥልጠናው ቅደም ተከተል ተገለበጠ። መጀመሪያ መሙያው ይሠራል፣ በሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል፤ ሊጡ የሚቦካው ከዚያ በኋላ ነው። ለመቀባት ደርሷል የሚባለው የእጅ ጀርባ ሲነካው ሙቀት ካልተሰማ ነው። ወፍራም ሆኖ ሊጡን የሚቀድ ከሆነ በአንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይለሰልሳል፤ ደረቅ መሙያም ክፍተት ያመጣልና። ሊጡ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ይዳመጣል፣ መሙያው እስከ ጠርዙ ይቀባል፣ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። ዕቃው ውስጥ እንደገና ኩፍ ካለ በኋላ በ180 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጋገራል፤ ከምድጃ ሲወጣ 15 ደቂቃ ዕቃው ውስጥ ቆይቶ ይገለበጣል። ቢላዋ የሚነካው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ለማግስቱ ቢያድር ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል።