የታሰረ ቀኝ እጅ

ሰሞኑን ደሴን ጉም ውጧታል። ጦሳን በወጉ ካየሁት ቆየሁ። ከሰዓት ሲሆን ማዶ ያለው ቤት ራሱ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ሰሞን ሥራም የለም፤ በክረምት ማን ሠርግ ይደግሳል? ስልኬ ዝም፣ እኔም ዝም። ዛሬ ጠዋት ግን ዝምታው ከበደኝ። ካሜራዬን ከቦርሳው አወጣሁና እጄ ላይ አሰርኩት። ፎቶ ላነሳ አስቤ አልነበረም። ክብደቱ ናፍቆኝ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ሥራ ላይ ስሆን ካሜራ አንገቴ ላይ ማንጠልጠል ትቻለሁ። የእጅ ማሰሪያ ነው የምጠቀመው። ሰፋ ያለ ቆዳ ነው፣ ከውስጥ ለስለስ ያለ ስፖንጅ አለው። የላይኛው ጫፍ በካሜራው ቀኝ ትከሻ ላይ ባለችው የማንገቻ ቀለበት ይገባል። የታችኛው ትራይፖድ (የካሜራ መቆሚያ) በሚታሰርባት ቀዳዳ በብሎን ከሚጠብቅ ዝርግ ብረት ጋር ይያያዛል። እጅህን በመሃል ታስገባለህ፣ ቆዳው የእጅህን ጀርባ ያቅፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንዳንዱ ከዚያች አንጓ ላይ ከምትጠለቀው ቀጭን ገመድ ጋር ያምታታዋል። ገመዷ ካሜራው ካመለጠህ በኋላ ነው የምትይዝልህ፤ ያኔ ካሜራው እየተወዛወዘ ካገኘው ድንጋይ ጋር ይላተማል። የእጅ ማሰሪያው መጀመሪያውኑ ከመዳፍህ እንዲወጣ አይፈቅድም። ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ጣትን ያሳርፋል። ክብደቱን የእጅህ ጀርባ ስለሚሸከመው፣ በሁለት ፎቶ መሃል ጣቶችህን ዘና ማድረግ ትችላለህ። ሙሉ ቀን ሠርግ ላይ የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ማታ እንጀራ ስትቆርስ ጣትህ አይንቀጠቀጥም።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ በቀደም ደውሎ «ምን ያህል ላጥብቀው?» አለኝ። የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው። እጅህን አስገባ፣ ጠቋሚ ጣትህ ሳትንጠራራ ሻተሩ ላይ፣ ፎቶ ማንሻዋ ቁልፍ ላይ፣ ትድረስ። ከዚያ ፍራሽ ላይ ቆመህ ካሜራውን ወደ ታች አድርግና ጣቶችህን ሁሉ ዘርጋ። ካሜራው ንቅንቅ ካላለ በቂ ነው። ጣትህ ከደነዘዘ አብዝተኸዋል፣ አላላው። ከታች ያለችውን ብሎን ደግሞ አትመናት፤ በመኪና መንቀጥቀጥ ብቻ ትላላለች። ከቤት ስትወጣ በጣትህ ሞክራት። ትንሽ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ዝርግ ብረቱ የባትሪውን ክዳን እንዳይዘጋብህ ሳትገዛው በፊት እየው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሁሉንም ጻፈው።

እኔ ይህን ማሰሪያ የወደድኩት ላሊበላ ላይ ነው። ታኅሣሥ 29፣ በገና ጠዋት፣ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው ማሜ ጋራ የቆመ ሰው ምክንያቱን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ካህናቱ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ግማሾቹ ከአለቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ ሆነው ቤዛ ኩሉ የሚባለውን የገና ዝማሬ ይቀባበሉታል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዝማሬው ሲወርድና ሲወጣ ሰውነትን ይወርራል። እዚያ ጠርዝ ላይ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ግን ቀላል አይደለም። ከኋላ ሕዝቡ ይገፋል። ካሜራ አንገትህ ላይ ካለ፣ ጎንበስ ባልክ ቁጥር ከጠርዙ አልፎ አየር ላይ ይወዛወዛል። ማንገቻው የአንዱን ነጠላ ይይዛል፣ የሌላው መቋሚያ ይገባበታል።

የኔ ካሜራና ረጅሙ ሌንሴ አንድ ላይ 2 ኪሎ ያልፋሉ። ያ ከዚያ ላይ ቢወርድ ከታች ሰው አለ። ከሰቆጣ ይሁን ከራያ፣ ስንት ቀን በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ማሰሪያ ስናወራ ሁሌም ስለ ዕቃችን ዋጋ ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ እሷ ራስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያውን የማጠብቀው ከታች ላለው ሰው ብዬ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ የሚያነሳ ሁሉ፣ የሠርግ ቤት ሰገነት ላይም ቢሆን፣ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ።

እርግጥ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። መስከረም 21 ግሸን ስትወጣ ሁለት እጅ ያስፈልግሃል። እዚያ የአንገቱን ማንገቻ በትከሻ አሻግሮ፣ ካሜራውን ጋቢ ውስጥ አስገብቶ መውጣት ነው።

ይህን ሁሉ እየጻፍኩ የጠዋቱን ስሜት ረሳሁት። ይልቅ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አልለቅም አለኝ።

የአንዲት ጓደኛዬ አያት ቤት፣ ወደ ሐይቅ መውጫ፣ ወዳጃ ነበር፤ ቡና ተፈልቶ በአንድነት ዱዓ የሚደረግበት። እኔ እንደምታውቁት በእናቴ በኩል ገና፣ በአባቴ በኩል መውሊድ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት፤ ወዳጃ ላይ እንግዳ አይደለሁም። ቡናው ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ ጥግ ይዘዋል። ጓደኛዬ አያቷ እንዳያመልጧት ብላ ፎቶ እንዳነሳ ለምናኝ ካሜራው እጄ ላይ ነው። አያትየው ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ያ ረቢ! እጅህን ምን አገኘው ልጄ?»

ማሰሪያውን ወጌሻ ያሰረልኝ መስሏቸው ነው። ጥቁር ቆዳ፣ የእጅን ጀርባ የጠቀለለ፤ ዓይናቸው ደግሞ ደክሟል። «ደህና ነኝ እማማ፣ የካሜራው ነው» አልኳቸው። አልሰሙኝም። አንጓዬን በሁለት እጃቸው ያዙና «አብሽር፣ አላህ ያሽርህ» አሉ። ከዚያ ዱዓ ጀመሩልኝ። ለእጄ። ቤቱ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። እኔም ግራዬን ዘረጋሁ። ቀኜ ግን ካሜራ ይዟል፣ መዳፌ ሙሉ ነው፤ ካሜራዬን ወደ ላይ ይዤ አሚን አልኩ።

ያቺ ደቂቃ ከልቤ አትወጣም። እሳቸው የታመመ እጅ አይተው ነበር የጸለዩት። እኔ ደግሞ ያ ዱዓ ያለ ቦታው የወረደ አልመስል አለኝ።

ምክንያቱም ቀኝ እጅ እኛ ዘንድ ብዙ ሥራ አለበት። ሰላምታ በሱ ነው። ሲኒ የምንቀበለው በሱ ነው፣ ለትልቅ ሰው ከሆነ ግራው ከሥር ይደግፈዋል። ጉርሻ በሱ ነው። ለቀስተኛ ትከሻ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራ እጅ ነው ከጠዋት እስከ ማታ ከካሜራ ጋር የማስረው። ሰው ሊጨብጠኝ ሲመጣ ክንዴን እሰጣለሁ። ማንም አይከፋም፤ እጁ ሊጥ የነካ ወይም የተያዘ ሰው ክንዱን ቢሰጥ ነውር የለውም። ግን ክንድ ክንድ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ሰው የሚያውቀው ክንዴን ብቻ ነው?

ልጅ ሆኜ ፎቶ የተነሳሁበትን ፎቶ ቤት አስታወስኩ። ሰውየው ካሜራቸውን ትራይፖድ ላይ አቁመው፣ እጃቸው ባዶ ነበር። መጥተው ኮሌታዬን አስተካከሉ፣ አገጬን ቀና አደረጉ፣ የእናቴን ነጠላ ከትከሻዋ መለሱ። ከዚያ ነው ተመልሰው የተጫኑት። ያ ፎቶ አሁንም ቤት አለ። እኔ ፊቴ ላይ ፍርሃት የለም። የማላውቃቸው ሰው ነበሩ እኮ፤ ግን እጃቸው ደርሶኛል።

ባቲም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰኞ ገበያው ላይ የአፋር ሰዎች ሲገናኙ አይቸኩሉም። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ከዚያ ዳጉ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ በመንገድ ምን አየህ። ወሬው ተሰጥቶ ወሬው ይወሰዳል። ያንን ሳታደርግ ካሜራ ከደቀንክ የምታገኘው ጀርባ ነው። ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ የተጠየቅኩትን መልሼ ያነሳኋቸው ሰዎች ፎቶው ላይ ሌላ ናቸው። ዓይናቸው ወደ እኔ ይመጣል። እንደታሰርኩ ያነሳኋቸው ደግሞ ጥርት ያሉ፣ ፎከሳቸው ያማረ፣ ግን የሆነ ቦታ የቀሩ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ልዩነቱን ለመናገር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ፈትቶ ማሰር ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ገበያ ላይ ያደረግኩትም ያንኑ ነው። ሠርግ ላይ ግን ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ ላሊበላ ላይ ዝማሬው ሲነሳ፣ ፈትቶ ማሰር የሚባል ጊዜ የለም። ሰዎች ሰላም የሚሉህም ልክ በዚያችው ሰዓት ነው።

ስለ ካሜራ አሠራርም አሰብኩ። መያዣው በቀኝ፣ ሻተሩ በቀኝ፣ ማሰሪያውም በቀኝ። ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ጀርመን፣ ድሬስደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ኪነ ኤግዛክታ የተባለ ካሜራ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው፣ ሻተሩም ፊልም ማዞሪያውም በግራ ነበር። ያ መንገድ ተከታይ ሳያገኝ ቀረ። ዛሬ ቀኝ እጃቸው የማይታዘዝላቸው አንዳንድ አንሺዎች ካሜራውን ገልብጠው በግራ አውራ ጣታቸው ይጫናሉ።

እኔም ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ እቤት ቁጭ ብዬ ግራዬን ላሠለጥነው አሰብኩ። ማሰሪያውን ለግራ እንዲሆን አድርጎ የሚሰፋልኝ ቆዳ ሠራተኛ አራዳ አካባቢ አይጠፋም። ግን እሺ፣ ግራዬ ሥራውን ተማረ እንበል፤ ቀኜንም ለሰው ተውኩት። በቀኜ እየጨበጥኩት በግራዬ የማነሳው ሰው፣ ያኔ ዓይኑ ወደ እኔ ይመጣል? ወይስ ሁለት ነገር በአንዴ የሚያደርግ እጅ፣ በየትኛውም ጎን ቢሆን፣ ያስታውቃል?