መጀመሪያ ቱቦላሬ ከዛ ግራይንደር

ስለ ክፍቷ ቮልስ ልጽፍ ስል ስል ይኸው ስንት ጊዜ ሆነኝ። የ1972 ሞዴል ናት፣ ካርማን የሚባለው የጀርመን የመኪና አካል ሰሪ በፈረንጆቹ ከ1949 እስከ 1980 ሲሰራት የነበረችው ባለ ሸራዋ። ስገዛት ቀለሟ ያብለጨልጭ ነበር፣ ጉዱ ያለው ከስር ነው። ማግኔት ይዤ ዞርኳት፣ ከበሩ በታች ስደርስ አልይዝ አለ፣ በካቻቪቴ ነካ ሳደርገው ስቱኮው፣ ማለትም ጉድለት የሚሞላበት ልስን፣ ተፈርፍሮ ወደቀ፣ የጣት ውፍረት አለው እኮ! ስቱኮ ከ2 ከ3 ሚሊ በላይ ሲሆን ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም፣ እዚህ ግን ጭራሽ በላሜራ ፋንታ ነው የተለጠፈው።

አሁን ዋናው ነገር። ጣሪያ ያለው መኪና ሸክሙን ጣሪያውም ያግዘዋል፣ ክፍት መኪና ግን ያላት ወለሏና ከበሮቹ ስር በግራና ቀኝ የሚሄደው ሳጥን ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ካርማን ከሳጥኑ ስር ተጨማሪ ብረት የበየደበት። በዛ ላይ ቮልስ ላይ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፈው በዚሁ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፣ ወደ ውጪ ብቅ ሲል ስራውን ጨርሷል።

እኔ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፣ አንብቤያለሁ። ግን ግራይንደር እጅህ ላይ ሲሆን ማን ያስታውሳል፣ የግራውን ሳጥን ቆርጬ አወጣሁና ለመዝናናት ያህል በሩን ልዝጋ ብል እምቢ! ሰውነቷ መሃል ላይ ረግባ የበሩ ላይኛው ጫፍ ከኋላው ቋሚ ጋር ተጋጭቷል። ቁጭ ብዬ አየኋት።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ክሪክ ከመሃል ገባ፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ በሩን መሞከር፣ እንደገና ከፍ፣ ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል እስኪሆን። ከዛ ከማጠፊያው ቋሚ እስከ መቆለፊያው ቋሚ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ፣ በየድኩ፣ አንድ ደግሞ በሰያፍ፣ በሩ ግን ሳይነካቸው እንዲዘጋ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ፣ ምክንያቱም በሩ ነው መለኪያህ። ይሄ ከመቁረጥ በፊት የሚሰራ ስራ ነው በነገራችን ላይ። ሁለቱንም ጎን በአንዴ የሚቆርጥ ሰው ካለ ደግሞ እግዜር ይርዳው።

አዲሱን ሳጥን ስበይድ ነጥብ ነጥብ፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዛ ራቅ ራቅ እያደረግኩ፣ ቀጭን ላሜራ በአንድ መስመር ከሄድክበት በሙቀቱ ይሸበሸባል። በየነጥቡ መሃል በሩን ዘጋ ከፈት። ውስጡን ፀረ ዝገት ሰም እረጭበታለሁ፣ ግን ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሰሙ ይቀጣጠላላ።

በሮቹን ስፈታ ደግሞ ከታች ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው አገኘኋቸው፣ በመስታወቱ የሚወርደው ዝናብ እዛው ሲተኛ ኖሯል። በምስማር ወጋ ወጋ አድርጌ ከፈትኳቸው፣ የበሮቹ ታች ግን መቀየሩ አይቀርም።

የቀኙ ጎን ገና ነው። ቱቦላሬዎቹም ስላልተነሱ መሪው ጋ ለመቀመጥ በላይ ዘልዬ ነው የምገባው፣ ክፍት መኪና መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመኝ።