የባሕር ልቦለድ ከድሬ፦ ሰባተኛ ወር

እንዴት ሰነበታችሁ? ባሕር ላይ ብቻውን የቀረው ሰውዬ ልቦለድ አሁንም አለ። ባለፈው 60 ገጽ ደረስኩ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። አሁን 41 ነው። ሻርክና ማዕበል ብቻ የሞላበትን 19 ገጽ ቀደድኩት፤ ሰውየው ራሱ የለበትማ። ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ማዕበል የሚጽፍ ሰው ሌላ ምን ያመጣል?

አንዱን ገጽ ያስቀደደኝ ነርስ ጓደኛዬ ነው። ሰውየውን ሦስት ቀን የባሕር ውኃ አጠጥቼ ደህና አሳድሬው ነበር። «አቦ፣ ገደልከው እኮ!» አለኝ። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ኩላሊት ያንን ለማስወጣት ከተጠጣው በላይ ውኃ ይፈጃል።

ከዚያ ስለ ፑን ሊም አነበብኩ። ቻይናዊ የመርከብ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መርከቡ በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች፤ እሱ አትላንቲክ ላይ በእንጨት መንሳፈፊያ 133 ቀን ብቻውን ቆየ። ከእጅ ባትሪ ሽቦ መንጠቆ ሠርቶ ዓሣ ያጠምድ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀን ይቆጥር ነበር፤ በኋላ ተወውና ሙሉ ጨረቃ ብቻ መቁጠር ጀመረ። ቀን መቁጠር የሚተውባትን ማታ መጻፍ አማረኝ።

እሁድ እንደ ሰውየው ብቻዬን ልሞክረው ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ክፍሌን ዘጋሁ። ቬንትሌተሩንም አጠፋሁ (የድሬን ሙቀት የምታውቁ ፍረዱኝ)። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12። አንድ ሃይላንድ ውኃ ይዤ በእስክሪብቶ 11 መስመር አሰመርኩበት፣ ለየሰዓቱ አንድ። እኩለ ቀን ላይ የሁለት ሰዓት ዕዳ ነበረብኝ። «ሦስት ባጃጅ ይለፍና እጠጣለሁ» እያልኩ ከላስቲኩ ጋር እደራደራለሁ። ወደ 9 ሰዓት ግድም ከስንት ዓመት በፊት 400 ብር ተበድሮኝ የጠፋ ልጅ ትዝ አለኝ። በሆዴ ጀመርኩት። ከዚያ በአፌ። እናቴ በሩን አንኳኳች፦ «ማን መጥቶብህ ነው?»

እኔ ሰውየውን ስለ ሕይወትና ሞት ሳስፈላስፈው ከርሜ ነበር! አሁን ምዕራፍ 4 ላይ ከወንድሙ ጋር ይጨቃጨቃል፦ የአባታቸውን ሬድዮ ማን ጣለው? የሁለቱንም ድምፅ ራሱ ነው የሚያወጣው። ችግሩ ወንድምየው እየረታው ነው፣ እኔም እንዴት እንደማስቆመው ጠፍቶኛል።

እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር «ያ ሰውዬ ወጣ?» ትለኛለች። አልወጣም።